እጅግ ሩቅ ለሚበር መንገደኛ መንገድ ስለ መምረጥ

አባቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ የዕለቱን መንገድ የሚመርጡት አጭር መሆኑን ብቻ አይተው አልነበረም፤ ማታ የሚሰፈርበት ቦታ ውሃና ሣር ያለው መሆኑን፥ ሽማግሌውና እመጫቷም የሚያርፉበት መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ ነበር። የምድር ባቡርም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 ዓ. ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ የተነሣው መንገደኛ 784ቱን ኪሎ ሜትር በሦስት ቀን ሲጨርስ ሌሊቱን በድሬዳዋና በአዋሽ ያድር ነበር። በዚያ ዘመን ዕረፍት ራሱ የመንገዱ ክፍል ነበረ። ዛሬ አውሮፕላን ባሕሩንና በረሃውን በአንድ ሌሊት ስለሚሻገር ይህ ጥንቃቄ የማያስፈልግ መስሎ ይታያል፤ ትኬት የሚቈርጠውም ሰው ዋጋውንና ቀኑን ብቻ አይቶ ይወስናል። በዚህም ምክንያት የልጅ ልጃቸውን ለማየት ደስ ብሏቸው የተነሡ እናት፥ ከደረሱ በኋላ እግራቸው አብጦ ወገባቸውም ታሞ ብዙ ቀን ከአልጋ ሳይነሡ የሚሰነብቱበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ኢኮኖሚ በሚባለው በዝቅተኛው ማዕረግ ተቀምጦ እጅግ ሩቅ ለሚሄድ ሰው የሚመቸው መንገድ እንዴት እንደሚመረጥ በዛሬው ጽሑፋችን እናስረዳለን። በላይኛው ማዕረግ ያለው መንገደኛ ወንበሩ አልጋ ስለሚሆንለት የመንገዱ ርዝመት ብዙ አያስጨንቀውም። በዝቅተኛው ማዕረግ የሚቀመጠው ግን ምቾቱን የሚያገኘው ከመነሣቱ በፊት ቤተ ሰቡ በሚያደርግለት ምርጫ ነው።

በአየር ጉዞ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከ16 ሰዓት በላይ ሳያርፉ መብረርን «እጅግ ረጅም በረራ» ብለው ይጠሩታል። ይህም ነገር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1943 እስከ 1945 (እ. ኤ. አ.)፥ ካታሊና የተባሉት በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከአውስትራልያ ከተማ ከፐርዝ እስከ ሴሎን ደሴት ሳያርፉ ይበሩ ነበር። ጉዞው ከ27 እስከ 33 ሰዓት ይፈጅ ስለ ነበር፥ የተሳፈሩት ሰዎች በአየር ላይ እንዳሉ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያዩ ነበር። ካንታስ የተባለው የአውስትራልያ አየር መንገድ በ1947 (እ. ኤ. አ.) መጨረሻ ከሲድኒ ወደ ለንደን የዘወትር ጉዞ ሲጀምር ደግሞ በሲንጋፑር፥ በካልካታ፥ በካራቺ፥ በካይሮና በትሪፖሊ ጭምር እያረፈ በአራት ቀን ይደርስ ነበር። ይኸው አየር መንገድ በመጋቢት ወር 2018 (እ. ኤ. አ.) ከፐርዝ ወደ ለንደን 14,498 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ሳያርፍ በ17 ሰዓት ያህል መብረር ጀመረ።

ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። የሲንጋፑር አየር መንገድ በጥቅምት ወር 2018 (እ. ኤ. አ.) ኒው ዮርክ አጠገብ ወዳለችው ወደ ኒዋርክ የሚያደርገውን በረራ እንደገና ሲጀምር፥ ከ18 ሰዓት በላይ ለሚፈጀው ለዚህ መንገድ ያሰናዳው ኤርባስ 350 አውሮፕላን 161 ወንበር ብቻ ያለው ነው። ከነዚህም ወንበሮች መካከል የዝቅተኛው ማዕረግ የሆነ አንድም የለም። ያን ሁሉ ነዳጅ የተሸከመ አውሮፕላን ብዙ ሰው ለመጫን ስለማይችል፥ ለጥቂቶቹ ወንበሮች ከፍ ያለ ዋጋ ማስከፈል ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ቀጥተኛው መንገድ ሁልጊዜ ለሁሉ ሰው የተዘጋጀ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ አገራችን ነገር ስንመለስ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ በአስመራ በኩል ነበር። ዛሬ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባት የዋሽንግተን ከተማ ከአዲስ አበባ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል በርሮ በቀጥታ አዲስ አበባ ሲገባ፥ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ግን በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ማረፍ የቆየ ልማዱ ነው። ሮም፥ ደብሊንና ሎሜ በየጊዜው ለዚህ ጉዳይ አገልግለዋል። ምክንያቱም ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቦሌ አየር ጣቢያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ነው፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩ ኃይልና የክንፉ የማንሣት ችሎታ ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል። ሁለተኛው በከፍታ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መሆኑ ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል፥ የሚመለሰውን ግን ከኋላ ይገፋዋል።

ይህን ካወቅን ዘንድ፥ ትኬት ከመቈረጡ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ «መንገደኛው ማን ነው?» የሚለው ነው። ወጣትና ጤነኛ ለሆነ፥ እንቅልፍም በወንበር ላይ ለሚወስደው ሰው አጭሩ መንገድ የተሻለ ነው። ጕልበቱን ወይም ወገቡን ለሚታመም ሰው ግን መንገዱ ለሁለት ቢከፈል ይሻላል፤ በመካከሉ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ወርዶ ቢራመድ፥ ፊቱን ቢታጠብ፥ እግሩንም ቢዘረጋ ሁለተኛውን ክፍል በደኅና ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ሁለቱን የማረፍ ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ብቻ ሲያርፍ መንገደኛው ብዙ ጊዜ ከወንበሩ አይወርድም፤ ስለዚህ ይህ ለአውሮፕላኑ እንጂ ለሰው ዕረፍት አይባልም።

ይሁን እንጂ የውጭ አገር ቋንቋ ለማያውቁና ከአገር ወጥተው ለማያውቁ አረጋዊ ነገሩ ይለወጣል። እንደ ዱባይ፥ እንደ ዶሃ፥ እንደ ኢስታንቡል ባሉት ታላላቅ አየር ጣቢያዎች አውሮፕላን ለመለወጥ ረጅም መንገድ መሄድና ጽሕፈት እያነበቡ በር መፈለግ አለ። በዚህ መካከል ብቻቸውን ተጨንቀው ከሚንከራተቱ፥ እግራቸው ቢደክምም በተሳፈሩበት አውሮፕላን እስከ መጨረሻው ቢሄዱ ይሻላቸዋል ብለን እናምናለን። ቤተ ሰቡ ስለ እግራቸው አስቦ የሚያርፈውን መንገድ ከመረጠላቸው ግን፥ ከጉዞው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ተሽከርካሪ ወንበርና ረዳት እንዲሰጣቸው ለአየር መንገዱ ያስታውቅ። ረዳቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ያደርሳቸዋል። አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኔ ሽባ አይደለሁም» ብለው በዚህ ያፍራሉ፤ ነገር ግን ለሚደክም ሰው የተዘጋጀ አገልግሎት ስለ ሆነ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የአውሮፕላኑ ዓይነት ነው። የዝቅተኛው ማዕረግ ወንበር ስሙ አንድ ቢሆንም ስፋቱ አንድ አይደለም። በኤርባስ 350 ዘጠኝ ሰው በአንድ ረድፍ ሲቀመጥ የወንበሩ ስፋት 46 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በቦይንግ 787 እንዲሁ ዘጠኝ ሆነው ሲቀመጡ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በቦይንግ 777 አሥር ሰው በአንድ ረድፍ ከተደረገ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይደርሳል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ ለማደር ልዩነቱ ታላቅ ነው። ኤርባስ 330 ደግሞ በመስኮቱ በኩል ያሉት ወንበሮች ሁለት ሁለት ስለ ሆኑ፥ ባልና ሚስት ሌላ ሰው ሳይጨመርባቸው አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ በምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሚበርና በአንድ ረድፍ ስንት ወንበር እንዳለ ትኬት ሻጩን መጠየቅ ይገባል።

ስለ ቦታ አመራረጥም ጥቂት እንጨምር። ቶሎ ቶሎ መነሣት ለሚያስፈልገው ሰው በመተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር፥ መተኛት ለሚወድ ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ ያለው ይስማማዋል። በመጸዳጃው አጠገብ ያለው የመጨረሻ ረድፍ ሁካታ አይለየውም፤ ብዙ ጊዜም የወንበሩ መደገፊያ ወደ ኋላ አይልም። ከግድግዳው ፊት ያለው የመጀመሪያ ረድፍ ለእግር ሰፊ ቢሆንም፥ የሕፃናት አልጋ የሚሰቀለው በዚያ ስለ ሆነ እንቅልፍ ሊያጡበት ይቻላል። በአደጋ መውጫው በር አጠገብ ያለውን ወንበር ለሽማግሌ መጠየቅ አይገባም፤ በሩን ለመክፈት ኃይል ያለው ሰው እንዲቀመጥበት የተወሰነ ነውና።

ስለ አየሩም አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በብዙዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር በተራራ ላይ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ እንደሚገኘው አየር የሳሳ ሲሆን፥ በቦይንግ 787ና በኤርባስ 350 ግን ከ1,800 ሜትር አይበልጥም። የቈላ አገር ሰው በነዚህ በሁለቱ ቢሄድ ድካሙ ይቀንስለታል። የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚያው ከፍታ ኖሮ የለመደ ስለ ሆነ፥ ለርሱ ከዚህ ይልቅ የወንበሩ ስፋት ይበልጥበታል። ድርቀቱ ግን ሁሉንም እኩል ይነካል፤ ስለዚህ ውሃ ደጋግሞ መጠጣት፥ መጠጥንም መቀነስ መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት ጤና ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2007 (እ. ኤ. አ.) ባወጣው ጥናት፥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋቱን አደጋ በእጥፍ ያህል እንደሚጨምረው ገልጧል። ይህ የሚደርሰው ከ6,000 መንገደኛ በአንዱ ላይ ያህል ስለ ሆነ ጤነኛ ሰው ሊሸበር አይገባውም። ነገር ግን በቅርብ ጊዜ ኦፕራሲዮን የተደረገ፥ ነፍሰ ጡር የሆነች፥ የካንሰር በሽታ ያለበት፥ ቀድሞም ደም የረጋበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለውን መንገድ አይጀምር። የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወትን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሌላውም መንገደኛ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ ይራመድ፤ ተቀምጦም ሳለ ቍርጭምጭሚቱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ።

ስለ ሰዓቱም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር ቀኑ የሚለወጠው ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ለምሳሌ ትኬቱ «ማክሰኞ 00፡30» ቢል፥ እኛ የሰኞ ሌሊት የምንለው ነው፤ መንገደኛው ሰኞ ማታ በ3 ሰዓት በአየር ጣቢያው መገኘት አለበት። ይህን ባለማስተዋል ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ይዘው የሚመጡ አሉ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፥ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ወደ ምሥራቅ ሲመለሱ እንቅልፍ ይበልጥ ስለሚዛባ፥ ከተመለሱ በኋላ ለጥቂት ቀን ሥራ አለመያዝ ይሻላል።

ትኬቱም እስከ መጨረሻው ከተማ ድረስ አንድ ይሁን። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች የገዛ ሰው የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቀውም፤ ዋጋውንም የሚተካለት አያገኝ ይሆናል። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ ሻንጣውን ተቀብሎ ካስመረመረ በኋላ መልሶ ማስረከብ ስላለበት፥ በዚያ ከተማ ሰፊ ጊዜ ይተውለት። በሼንገን አገሮች አየር ጣቢያ የሚያልፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአየር ጣቢያ ማለፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። የጾም ምግብ የሚፈልግም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ያስታውቅ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ ምርጫውን በዚህ ተራ ቢያደርግ መልካም ነው። በመጀመሪያ መንገደኛውን ይወቅ፤ ሁለተኛ ማረፊያውን ይምረጥ፤ ሦስተኛ አውሮፕላኑንና ወንበሩን ይጠይቅ፤ አራተኛ ሰዓቱን ያስተካክል፤ ዋጋውን በመጨረሻ ይመልከት። በትኬት ላይ የተረፈው ገንዘብ በሐኪም ቤት ከተከፈለ ትርፍ አይባልምና።