የካዛንቺስ ዘመዶች

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል የጣልያን ተቋም ነበር፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባሉ። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አጣብቆ ካዛንቺስ አደረጋቸው።

«ካዜ» የ«ካዛ» ብዙ ቁጥር ነው። ካዛ በዛሬው ጣልያንኛ ቤት ነው፤ ምንጩ የሆነው የላቲን ቃል «ካሳ» ግን ጎጆ ማለት ነበር። ደህና ቤት ያለው ሮማዊ ቤቱን «ዶሙስ» ነበር የሚለው። ከዚሁ ጎጆ ካዛብላንካ ወጣ፤ «ነጭ ቤት» ማለት ነው። ካዚኖም ወጣ፤ «ትንሽ ቤት»። ቁማር የገባበት ኋላ ነው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ነባሩ ካዛንቺስ ሲፈርስ ከሰው አፍ ያልጠፋው የእኛው «ካሳ» ግን ከሮማውያኑ ጋር ድምፅ እንጂ ዝምድና የለውም። «ካሰ» ከሚለው ግሥ የተወለደ የአገር ቤት ቃል ነው።

ሰውን በብዛት የሚያሳስተው ባንክ ቤት ያለው ነው። ካሸሩ ካሹን ቆጥሮ ካዝና ውስጥ ይከታል። ሦስቱም በ«ካ» ይጀምራሉ፣ ሦስቱም የገንዘብ ነገር ናቸው፤ አንድ ቤተሰብ ቢመስሉ አይገርምም። ካዝና ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መጋዘንም ከዚያው ሥር ነው፤ እንግሊዞች መጽሔትን የሚጠሩበት «ማጋዚን»ም እንዲሁ። ካሽና ካሸር የላቲኑ «ካፕሳ» ልጆች ናቸው። ካፕሳ ሳጥን ነው። ካሽ በመጀመሪያ የገንዘብ ሳጥኑ ስም ነበር፤ ቀስ እያለ ወደ ገንዘቡ ተላለፈ። ካሴትም ትንሽ ሳጥን፣ ከፋርማሲ የምንገዛው ካፕሱልም ትንሽ ሳጥን ነው። መድኃኒቱን ስንውጥ ሳጥኑን አብረን እንውጣለን ማለት ነው።

«ኬዝ» ደግሞ ይባስ ያደናግራል፤ አንድ ቃል የሚመስሉ ሁለት ቃላት ስለሆነ። የስልክ ኬዝ ከዚያው ከሳጥኑ ነው። ጠበቃው «ኬዙን ይዤዋለሁ» ሲል ግን ሌላ ነው። ይኼኛው «ካሱስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መውደቅ ነው፤ በሰው ላይ የወደቀ ነገር፣ የደረሰ ጉዳይ። ሐኪሞቹ «ከባድ ኬዝ» የሚሉትም ይኸው ነው።

ፖሊሲም እንደዚሁ ሁለት ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚሁ ካዛንቺስ ባለበት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሆኖ የሚመክርበት ፖሊሲ ከፖሊስ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ሁለቱም «ፖሊስ» ከተባለው የግሪክ «ከተማ» ተነሥተው በላቲኑ «ፖሊቲያ» (አስተዳደር) በኩል አልፈዋል። የመኪና ባለቤት ከኢንሹራንስ ቤት ይዞት የሚወጣው ፖሊሲ ግን ከከተማም ከመንግሥትም አይነካካም። የጣልያን ነጋዴዎች «ፖሊሳ» ይሉት የነበረ የውል ወረቀት ነው፤ ሥሩ ሲመዘዝ «ማስረጃ» ከሚል የግሪክ ቃል ይደርሳል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ፊደል ስለሚጽፋቸው እኛም እንደ አንድ ተቀበልናቸው።

እንግዲህ መልክ ብቻ አይበቃም። ቃሉ በማን በኩል፣ በምን ሥራ ሰበብ እንደገባ መጠየቅ ይሻላል። ካዛንቺስን ግንበኛ አመጣው፤ ካዝናን ነጋዴ፤ ኬዝን እንግሊዝኛ የተማረ ሰው።

ቂርቆስን እንኳ በዚህ መንገድ ማየት ይቻላል። የጥንት ሮማውያን የፈረስ ግልቢያ ሜዳቸውን «ኪርኩስ» ይሉት ነበር፤ ዛሬ በእንግሊዝኛ አፍ ሰርከስ የምንለው ነው። ድምፁ ቂርቆስን ቁጭ! የክፍለ ከተማው ስም ግን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ከሕፃኑ ሰማዕት የመጣ ነው፤ ስሙም በግሪክኛ ኪሪኮስ ነው። በሕፃኑ ገድል ውስጥ ላቲን የሚፈልግ ሰው እናቱን ይመልከት፦ ኢየሉጣ ማለት ዩሊታ ነው፤ ዩልያ የሚለው የሮማውያን ስም ማቆላመጫ።