ሙቀትና ጨረር አንድ አይደሉም

የይፋት ቆላ አርሶ አደር የፀሐይን ኃይል የሚመዝነው በሙቀቷ ነው። በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት የሚኮተኩት ሰው ገላው ሲቃጠል ከዛፍ ጥላ ይገባል፤ ደመና ሲያጠላ ደግሞ «ዛሬስ ፀሐይ የለም» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ቆዳንና ዓይንን በይበልጥ የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የተባለው በዓይን የማይታይ ጨረር በመሆኑ፣ ይህ አመዛዘን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በጣርማ በር በኩል ሽቅብ ተወጥቶ የሚደረስባት ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጨረሩ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለሆነም ሰማዩ በሁለቱም ዘንድ እኩል ከጠራ፣ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ የሚሞቀው ደገኛ ላቡ ከሚንጠፈጠፈው ቆለኛ የበለጠ ጨረር ይቀበላል። ሰውነት ይህን መለየት አይችልም። የሚለየው መለኪያ ነው።

ጨረሩን እ.ኤ.አ. በ1801 ያገኘው ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር የብር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት ከሐምራዊው ብርሃን ባሻገር፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ቢያስቀምጥ ፈጥኖ ጠቆረለት። ዛሬ ለዚህ ተግባር ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ሲሊከን ነው። ሲሊከን ከአሸዋ ዘር ተነጥሮ የሚወጣ ሲሆን፣ በገጠር ጣሪያ ላይ የሚታየው የሶላር ሰሌዳም በአብዛኛው የሚሠራው ከእርሱ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። በሰሌዳው ኤሌክትሪኩ አምፖል ያበራል፤ ጥፍር በምታህለው መለኪያ ግን ይቆጠራል፣ ብዛቱም የብርሃኑን መጠን ይናገራል።

ታዲያ ሰሌዳው ራሱ ለምን ጨረር መለኪያ አይሆንም? ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል የአልትራቫዮሌት ድርሻ ከመቶ 5 ያህል ብቻ በመሆኑ በሌላው ብርሃን ይዋጣል። በዚህም ላይ የሚታየው ብርሃን ወደ ሲሊከኑ ጠልቆ ሲገባ፣ አልትራቫዮሌት ግን ሥር ሳይደርስ ከመሬት ገጽ ላይ እንደሚደርቅ ካፊያ፣ ገጹን ሳያልፍ ይቀራል። እዚያ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክም ሳይቆጠር ይባክናል። ስለዚህ ሠሪዎቹ የሚቆጥረውን ንብርብር እስከ ገጹ ያቀርቡታል፤ ከላዩም የሚታየውን ብርሃን የሚከለክል ማጣሪያ ይገጥሙለታል። መሣሪያው ራሱ በጨረሩ ብዛት ስለሚደክም በየጊዜው መመርመር አለበት።

የልኬቱ ውጤት የሚነገረው በአልትራቫዮሌት ጠቋሚ ቁጥር ነው። ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያሻል፤ 11 ሲደርስ እጅግ ከፍተኛ ይባላል። በሐሩር ክልል አገሮች በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ 11 እና ከዚያ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ የእጅ ስልኮች የሚያሳዩት ቁጥር ግን በስልኩ የተለካ ሳይሆን በስሌት የተተነበየ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 8 እና በነሐሴ 22 ገደማ ነው። ሁለተኛው ጊዜ በክረምት ስለሚውል ሰው ይዘናጋል፤ ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ደረቅ አሸዋም ከመቶ 15 ያህሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ በጎደለ ወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው ባርኔጣ ቢያደርግም ከሥር ያገኘዋል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ የግማሽ ያህሉ መንስኤ የዓይን ሞራ ነበር። ለዓይን ሞራ ዕድሜ ዋናው ምክንያት ቢሆንም፣ አልትራቫዮሌት ከአባባሾቹ አንዱ ነው።

መለኪያው በሌለበት ቀበሌ ጥላ ያገለግላል፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሕዝቡን ለተፋሰስ ሥራ ሲጠሩ፣ የእርከኑን ቁፋሮ ከማለዳ አስጀምረው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቢያጠናቅቁት የሚያስቀሩት ጨረር ብዙ ነው። ሁሉም ሰው ግን እኩል አይጎዳም። አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ጨረሩን የሚመክት የቆዳ ቀለም ስለሌላቸው፣ ገና በወጣትነታቸው ለቆዳ ካንሰር ሊዳረጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀን ለቀን ከብት ጥበቃ ከመላክ ይልቅ የቤት ውስጥ ሥራ መስጠት፣ ከቤት ሲወጣም ክፈፈ ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ማልበስ ያስፈልጋል።