የመጥቅዑ 19

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ ለገበሬው የሚነግሩት ቄሱ ናቸው፤ ቄሱ ደግሞ ከባሕረ ሐሳብ ያገኙታል። የኔታ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ደጋግሞ የሚመጣው ቁጥር 19 ነው። ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ ብቸኛ ቁጥር ነው።

2018 ዓ.ም.ን እናስላ። 5500 ሲደመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው፤ ካልሆነ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል። ዕለቱ እሑድ ነውና ተውሳኩ 7፣ ድምሩ 25፤ ነነዌ ጥር 25 ትገባለች። ከዚያ 14 ቀን ተቆጥሮ ሁዳዴ የካቲት 9፣ 69 ተቆጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

19 የተመረጠው በጨረቃ ምክንያት ነው፦ 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር የሚለያዩት በሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ብቸኛነቱ ግን ሌላ ነገር አመጣ። ዓውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ 19 ደግሞ ከራሱ ብዜቶች በቀር ከማንም ጋር ከ1 የሚበልጥ የጋራ አካፋይ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ዓውዶች እንደገና አብረው የሚጀምሩት 28 በ19 ተባዝቶ፣ ከ532 ዓመት በኋላ ነው። ዓውደ ቀመር የሚባለው ይኸው ነው። በ19 ፈንታ 18 ቢሆን ኖሮ በ252 ዓመት ይገናኙ ነበር።

አሁን 19 ጊዜ 2 ጽፈን እናባዛና 1 እንቀንስ፤ 524,287 ይመጣል። ይህም ብቸኛ ቁጥር ነው። ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ካታልዲ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1588፣ እዚህ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት። 725 በራሱ ሲባዛ ከ524,287 ስለሚያልፍ፣ እስከ 724 ያሉትን 128 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። በኋላ ፈረንሳዊው ፌርማ ድካሙን አቀለለው፦ አካፋይ ቢኖረው ከ38 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ስድስት ናቸው፦ 191፣ 229፣ 419፣ 457፣ 571 እና 647። ቀሪዎቹ በየተራ 183፣ 106፣ 118፣ 108፣ 109 እና 217፤ አንዱም ዜሮ አይደለም። የሚጠራጠር እስክርቢቶ ያንሳ።

እስከ እ.ኤ.አ. 1772 በዚህ አሠራር የሚመጣ፣ ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም ነበር፤ በዚያ ዓመት የሒሳብ ሊቁ ኦይለር 2,147,483,647ን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘው ደግሞ 136,279,841 ጊዜ 2 ተጽፎ ሲባዛና 1 ሲቀነስ የሚመጣው ነው፤ 41,024,320 አኃዝ አለው።

2 የሚደጋገምበት ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱ ብቸኛ አይሆንም። ብቸኛ መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የአበቅቴው 11 ምስክር ነው። የሚሰጠው 2047፣ የ23 እና የ89 ብዜት ነው። በትውፊቱ 11 የተገኘው ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ 23 ሱባኤ ነው፤ ይኸውም 161 ቀን በ30 ሲገደፍ። 23 እዚህም እዚያም መምጣቱ ግጥምጥሞሽ ነው እላለሁ፤ የኔታ ግን እንዲሁ የሚያልፉት አይመስለኝም።