የፍልስጤም ጉዳይ ከጁባ ሲታይ

በኦገስት ወር 2025 አሶሽየትድ ፕሬስ የተባለው የወሬ ምንጭ፥ የእስራኤል መንግሥት የጋዛን ፍልስጤማውያን በደቡብ ሱዳን ለማስፈር ከጁባ ሹማምንት ጋር መነጋገሩን ገለጸ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የደቡብ ሱዳን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወሬው መሠረት የለውም ሲል ወዲያው አስተባበለ። ሆኖም በዚያው ሰሞን የእስራኤል ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ወይዘሮ ሻረን ሃስከል ጁባ ገብተው ነበርና፥ ማስተባበያውንና ጉብኝቱን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጋዛ ከነጭ ዓባይ ዳር ከተማ ጋር በምን ተገናኘች? ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ መልሱ የሚጀምረው ከ1967 ነው። በዚያ ዓመት ከስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ የዐረብ መንግሥታት መሪዎች በካርቱም ተሰብስበው፥ ከእስራኤል ጋር ሰላም የለም፥ ዕውቅና የለም፥ ድርድር የለም ሲሉ ቈረጡ። ይህ በሰሜን ሲታወጅ፥ በዚያው አገር ደቡብ በጫካ የነበሩት የአንያንያ ተዋጊዎች ግን ዐይናቸውን ወደ እስራኤል አዙረው ነበር። መሪያቸው ጆሴፍ ላጉ፥ የካርቱም ጦር በደቡብ ከተጠመደ ግብጽን ሊረዳ አይችልም የሚል አሳብ አቅርበው መሣሪያ ጠየቁ፤ ከ1969 ጀምሮም መሣሪያውንና ሥልጠናውን አገኙ። እንግዲህ ለካርቱም ሰው ፍልስጤማዊው የተበደለ ወንድም ሆኖ ሲታየው፥ ለደቡቡ ሰው ዐረብ የሚለው ቃል መንደሩን ያቃጠለውን ወታደር ያስታውሰው ነበር። ሁለቱም ስለ ፍልስጤም የሚናገሩ ይመስላቸው ነበር እንጂ፥ እኔ እንደማየው ይናገሩ የነበረው ስለ ራሳቸው ነው።

ደቡብ ሱዳን በጁላይ 9 ቀን 2011 ነጻነቷን ስታውጅ፥ በጁባ አደባባይ የእስራኤል ባንዲራ ጭምር በሕዝቡ እጅ ታይቷል። እስራኤል በማግሥቱ ዕውቅና ሰጠች፤ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርም በዚያው ዓመት በዲሴምበር እስራኤልን ጐበኙ። ስለ ኩሽ ወንዞች የሚናገረውን የትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ስለ እኛ የተጻፈ ነው የሚሉ ክርስቲያኖችም በዚያ አገር ብዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ ወዳጅነቱ እንከን አላጣውም። በጦርነቱ ዘመን በግብጽና በሲና በረሃ በኩል ወደ እስራኤል የተሰደዱ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። በጁን 2012 የኢየሩሳሌም ፍርድ ቤት፥ አገራቸው ነጻ ስለ ወጣ ጥበቃው አብቅቷል የሚለውን የመንግሥት አሳብ ተቀበለ፤ ለአንድ ዐዋቂ 1,000 ዩሮ እየተሰጠ በአውሮፕላን ወደ ጁባ መመለስ ተጀመረ። ከመካከላቸው በዕብራይስጥ ትምህርት የጀመሩ ልጆች ነበሩ። ከ18 ወር በኋላ፥ በዲሴምበር 2013፥ ጁባ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች።

መንግሥቱም በይፋ ከሁለቱ ወገን ጋር ለመኖር ሲጥር ይታያል። እስራኤልንም ፍልስጤምንም ዐውቋል፤ በዲሴምበር 2017 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ኢየሩሳሌም ድምፅ ሲሰጥ ግን ድምፁን ዐቀበ። (ኢትዮጵያም በ1947 ፍልስጤምን ለሁለት ለመክፈል በተሰጠው ድምፅ እንዲሁ አድርጋ ነበር።) ሦስቱን «የለም» ያወጀችው ካርቱም እንኳ በጃንዋሪ 2021 የአብርሃም ስምምነት በተባለው ውል ላይ ፈረመች።

ነገሩ ለነጋዴም ሩቅ አይደለም። የደቡብ ሱዳን የነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ የሚወጣው በቧንቧ እስከ ፖርት ሱዳን ተጕዞ በቀይ ባሕር ነው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ስለ ጋዛ ነው እያሉ መርከቦችን ሲመቱ፥ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ይህን ባሕር ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፤ የኢንሹራንስና የጭነት ዋጋም ናረ።

አይሁድ ለብዙ ዘመን ያለ አገር መኖራቸውን፥ በአውሮፓ የደረሰባቸውን እልቂት፥ በኦክቶበር 7 ቀን 2023 የተገደሉትን 1,200 ያህል ሰዎች ይቈጥራሉ። ፍልስጤማውያን በ1948 ከቤቱ የተፈናቀለውን 700 ሺህ ያህል ሕዝብ፥ እንዲሁም የጋዛ ጤና ጥበቃ እስከ ኦገስት 2025 የመዘገባቸውን ከ60 ሺህ በላይ ሟቾች ይቈጥራሉ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዜጎቹ በጐረቤት አገሮች ተሰደው ላሉ የጁባ ሰው፥ ሁለቱም ታሪክ የራሱን ይመስላል።

ስለ ዘላቂ ሰላምም ቢሆን ጁባ የምትመሰክረው አላት። በ1972 በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስታራቂነት በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል 11 ዓመት ቈይቶ በ1983 ፈረሰ። የ2005ቱ ውል ደቡብን እስከ ነጻነት አደረሰው፤ የአብዬን ጉዳይ ግን ለሌላ ሕዝበ ውሳኔ አሳደረው፤ ሁለቱ መንግሥታት የተስማሙበት ሕዝበ ውሳኔ እስካሁን አልተደረገም፤ ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት አብዬን የጠበቀው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደር ነው። የ1993ቱ የኦስሎ ስምምነትም ኢየሩሳሌምን፥ ስደተኞቹን፥ የአይሁድ ሰፈሮቹንና ወሰኑን 5 ዓመት ውስጥ ለሚያልቅ ድርድር አቈየ። ያ ቀነ ገደብ ካለፈ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነ።

ለተርጓሚ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም አለ። በኖቬምበር 1967 የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቍጥር 242 እስራኤል በጦርነቱ ከያዘቻቸው ስፍራዎች እንድትወጣ ሲል፥ በእንግሊዝኛው «ከግዛቶች»፥ በፈረንሳይኛው «ከግዛቶቹ» የሚል ሆኖ ይነበባል። እስራኤል በፊተኛው ይዛ ከአንዳንዶቹ ስትል፥ ዐረቦች በኋለኛው ይዘው ከሁሉም አሉ። በአማርኛ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ ሁለቱንም የሚያሰኝ ቃል አላገኘሁለትም። ውሳኔውን የጻፉት ሰዎች ግን ሁለቱንም ማሰኘት ብልኅነት መስሏቸው ነበር።

በኦክቶበር 2025 በጋዛ ተኵስ የቆመበት የፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ባለ 20 ነጥብ ዕቅድ፥ ማንም ጋዛን እንዲለቅ አይገደድም፥ የወጣም መመለስ ይችላል ይላል። ስለዚህ ለጁባው ወሬ ቢያንስ በጽሑፍ መልስ ተሰጥቶታል። የፍልስጤም መንግሥትነት በዕቅዱ የተነሣው፥ ሁኔታዎች ሲሟሉ መንገድ ሊከፈት ይችላል በሚል ቃል ነው። ኢየሩሳሌም የሚል ስም ግን በ20ዎቹ ነጥቦች ውስጥ አልተጻፈም።