ስለ ትልልቅ የንግድ ቤቶች የአየር መተላለፊያ

ሰው ያለ እህል ብዙ ቀን፥ ያለ ውሃም ጥቂት ቀን ይቈያል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቈየት አይችልም። ብዙ ሰዎች በተዘጋ ቤት ሲቀመጡ ከትንፋሻቸው የሚወጣው አየር ይከማቻል፥ ቤቱም ይሞቃል። በዚያን ጊዜ ራስ ይከብዳል፥ ሐሳብ ይደክማል፤ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለውም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል። ስለዚህ ብዙ ሕዝብ የሚገባበትን ሱቅና መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው፥ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ የሚሆን ቤት በዚምባብዌ አገር በሐራሬ ከተማ ይገኛል፤ ስሙም ኢስትጌት ይባላል። ሥራው የተፈጸመው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1996 ዓመት ነው። ንድፉን ያወጣው ሚክ ፒርስ የሚባል አርኪቴክት ሲሆን፥ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው።

ሐራሬ በደጋ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ሌሊት ትልልቅ ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር ወደ ቤቱ ይስባሉ፤ አየሩም በቤቱ መካከል ባሉት መተላለፊያዎች ወደ ላይ ወጥቶ፥ ከየፎቁ ወለል በታች በተተወው ባዶ ስፍራ ያልፋል። ወፍራሙ ሲሚንቶም፥ ጎተራ እህልን ለክፉ ቀን እንደሚያስቀምጥ፥ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን ያስቀምጣል። በሌሊት የቤቱ አየር በሰዓት 10 ጊዜ ያህል ይለወጣል፤ በቀን ግን 2 ጊዜ ያህል ይበቃል።

ጧት ሠራተኞች ሲገቡ፥ የውጭው አየር በቀዘቀዘው ሲሚንቶ ላይ አልፎ ይበርድና ከግድግዳው ግርጌ ባለው ፍርግርግ ወደ ክፍሉ ይገባል። ከሰውና ከመብራት የተነሣ የሞቀው አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ጣራው ይወጣል፤ ከዚያም የጭስ ማውጫ በሚመስሉ 48 ማውጫዎች በኩል ወደ ውጭ ይሄዳል።

ስለ ምስጡ ግን፥ በዚያው አቈጣጠር በ2008 ዓመት ተመራማሪዎች የኩይሳው አየር አርኪቴክቱ እንዳሰበው ሳይሆን፥ በነፋስ ግፊት እንደ ሳንባ እንደሚሠራ አስረዱ። ምሳሌው ፍጹም ባይሆንም ቤቱ ሥራውን ይሠራል።

ይህ ትምህርት ለትልቅ ቤት ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍል በአንድ ወገን ዝቅ ያለ መስኮት፥ በማዶው ወገን ደግሞ ከጣራው አጠገብ ቀዳዳ ቢኖረው፥ ንጹሑ አየር በታች ይገባል፥ የሞቀውም በላይ ይወጣል። መስኮትን ከፍቶ መማር ምንም ወጪ የሌለበት ጤና ነው።