ወደ ድርድሩ ያልተጠሩት



በ2014 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ሰፈራችን ለምን አርካዊት ተባለ?» ብሎ ጠየቀን። ካርታ ዘረጋንለት። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቀይ ባሕር ኮረብቶች ላይ፣ ይህንኑ ስም የያዘች ትንሽ ደጋማ ከተማ አለች። አገሩ የቤጃ ሕዝብ አገር ነው። ወሩ መስከረም 2014 ነበር፤ በዚያው ወር የቤጃ አለቆች ተከታዮቻቸውን አስተባብረው የፖርት ሱዳንን ወደብና ወደ ዋና ከተማው የሚመጣውን መንገድ ዘግተው ነበር። መዘጋቱ ከአንድ ወር በላይ ቆየ። የዳቦው ሰልፍ እንዴት እንደረዘመ እናንተው ታስታውሳላችሁ። ልጁም ካርታውን እያየ ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣ፦ «ታዲያ ለምን ዘጉት?»

መልሱ አጭር አልነበረም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2020 በጁባ የሱዳን የሽግግር መንግሥትና የታጠቁ ቡድኖች የሰላም ስምምነት ፈርመዋል። ስምምነቱ አገሪቱን በየአቅጣጫው ከፋፍሎ ለዳርፉርም፣ ለሁለቱ አካባቢዎችም፣ ለምሥራቁም የየራሱ ክፍል አበጀ። ወደቡን የዘጉት የቤጃ አለቆች ቅሬታ በምሥራቁ ስም የፈረሙት ሰዎች አይወክሉንም የሚል ነበር። ልክ ነበሩ አልነበሩም የሚለውን ለሱዳናውያን እንተወውና፣ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው አንድ ነገር ነው፤ ሰላም ለማምጣት የተፈረመ ወረቀት ራሱ የአዲስ ጠብ ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ሲፈረም ካልነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ አናሳ ስንል በቁጥር ማነስን ብቻ ማለታችን አይደለም። ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ ሰው የሌለውን ሁሉ እንጨምራለን። መተከል ውስጥ የሚኖር ጉሙዝ በአገር ደረጃ ሲታይ ጥቂት ነው፤ እዚያው መተከል ጎረቤቱ የሆነው ሺናሻ፣ አማራ፣ አገው ወይም ኦሮሞ ደግሞ በአገሩ ብዙ ቢሆን እንኳ ግጭት በተነሳበት ቀበሌ ብቻውን ነው። እኛም ካርቱም ላይ አናሳ ነን፤ ከሻ በመጣ ቀን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጦርነት ሁሉንም ይጎዳል፣ እኩል ግን አይጎዳም። ዘመዱ ከጦሩም ከቢሮውም ያለ ሰው ነገሩ ሳይፈነዳ ወሬ ይደርሰዋል፤ ልጆቹን ቀድሞ ያሸሻል። ማንም የሌለው ሰው የሚሰማው የተኩሱን ድምፅ ነው። ማስጠንቀቂያው በሬዲዮ ቢነገርም በማያውቀው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደግሞ መልክና አነጋገር አለ። አንድ የታጠቀ ቡድን በአንድ ሕዝብ ስም ሲነሳ፣ የዚያ ሕዝብ ገበሬና ነጋዴ ሁሉ መሣሪያ ሳይዝ እንደ ታጣቂ ይታያል። በኬላ ላይ ስሙን ሲናገር ብቻ የሚጠረጠር ሰው ምን እንደሚሰማው ከመካከላችን የሚያውቁት አሉ።

የመሬት ነገር ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። በምዕራብ ዳርፉር የማሳሊት ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በሐኩራ ሥርዓት፣ ማለት ለጎሳና ለአለቃ በተሰጠ የመሬት ይዞታ፣ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ጦርነቱ ሲጀመር ብዙዎቹ ወደ ቻድና ወደ መጠለያ ሰፈሮች ሸሹ። ዓመታት አለፉ፤ መሬቱ ላይ ሌሎች ሰፈሩ። ተፈናቃዩ ለመመለስ ሲሞክር ዳግመኛ ይጠቃል። የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት የጋራ ሰላም አስከባሪ ኃይል ሥራውን ባበቃ በሦስተኛው ሳምንት፣ በጥር 2013፣ በኤል ጀኒና ከተማ አጠገብ ያለው የክሪንዲንግ መጠለያ ተጠቃ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። የተረፉት በከተማው የመንግሥት ሕንፃዎችና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቤተሰብ ሲተኛ የዚያ ክፍል ተማሪ የት ሄዶ እንደሚማር እናንተው አስቡት። በ2014ም ፋሲካን ባከበርንባቸው ቀናት በዚያው ክፍለ አገር በክሬኒክ ከ160 በላይ ሰዎች ተገድለዋል።

መገለል ከጥይቱ በፊት በወረቀት ይጀምራል። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ170,000 በላይ ሆነው የተመዘገቡት ቅማንቶች በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በራሳቸው ስም የሚቆጠሩበት መደብ አልነበራቸውም። በ2013 ክረምት በጎንደር በኩል በተነሳው ግጭት ምክንያት ሺዎች በመተማ አቅጣጫ ወደ ገዳሪፍ ሲሻገሩ ያየናቸው ከእነዚሁ ሰዎች መካከል ነበሩ። ማን ጀመረው በሚለው ላይ ወላጆቻችን የተለያየ ሐሳብ እንዳላቸው እናውቃለን፤ ይህ ገጽ ያንን ለመፍረድ አይበቃም።

አሁን ወደ ብሉ ናይል እንምጣ፤ ከአሶሳ ድንበር ማዶ ነውና። በርታና ጉሙዝ በሁለቱም አገር ይኖራሉ። የብሉ ናይልና የኑባ ተራሮች ሰዎች በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ጎን ተሰልፈው ለዓመታት ተዋግተዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 2005 ሁሉን አቀፍ የተባለው ስምምነት በናይሮቢ ሲፈረም ደቡቦቹ ሕዝበ ውሳኔ አገኙ። ለብሉ ናይልና ለኑባ የተሰጣቸው «ሕዝባዊ ምክክር» የሚል፣ ውጤቱ ምን እንደሚያስከትል ያልጠራ ነገር ነበር። ስምምነቱ «ሁሉን አቀፍ» መባሉን አስተውሉ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ነፃ አገር ሆነች፤ ምክክሩ ግን ዳር አልደረሰም። በዚያው ዓመት በሰኔ የኑባ ተራሮች፣ በመስከረም መጀመሪያ ብሉ ናይል ወደ ጦርነት ተመለሱ። ከአየር የሚጣለውን ቦምብ ሸሽተው ብዙ ኑባዎች በዋሻ ኖሩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የብሉ ናይል ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ገብተው በሸርቆሌ፣ በቶንጎና በባምባሲ መጠለያዎች ሰፈሩ። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013፣ መንገዱ ተገላበጠ፤ የመተከልን ግጭት የሸሹ ከ7,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በተራቸው ወደ ብሉ ናይል ተሻገሩ።

ይህን በክፍል ስናስተምር ተማሪዎች «ታዲያ ሁሉም ከተጠራ ድርድሩ መቼ ያልቃል?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰው በበዛ ቁጥር ንግግሩ ይረዝማል፤ አደራዳሪዎችም መሣሪያ የያዘውን ብቻ መጥራት የሚመርጡት ተኩስ ማቆም የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። ግን በዚህ መንገድ ወንበር የሚያገኘው የተኮሰ ብቻ ይሆናል፤ ያልተኮሰውም ይህንኑ ይማራል። በጁባም ቢሆን ከታጠቁት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች፣ የአብደል ዋሒድ አል ኑርና የአብደል አዚዝ አል ሒሉ፣ አልፈረሙም። የመጠለያ እናቶች ጉዳይ ደግሞ የሁሉም የመጨረሻ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲካተቱ ውሳኔ ቁጥር 1325ን ካወጣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከታች የተጀመረ ሰላም ደግሞ አለ። በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ በዋጂር፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሶማሌ ጎሳዎች ይጋደሉ ነበር። ዴቃ ኢብራሂም አብዲና ጓደኞቿ የጀመሩት ከገበያ ነው። ከየጎሳው ያሉ ሴቶች ማንም በጎሳው ምክንያት ከመሸጥና ከመግዛት እንዳይከለከል ተስማሙ፤ የሚጣስ ሲኖር ራሳቸው ተከታተሉት። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹን፣ ወጣቶቹንና ባለሥልጣኖቹን አስከተሉ። እኛ በሽምግልናችን እንኮራለን፤ ዳርፉሮችም ጁዲያ የሚሉት የሽማግሌዎች ዕርቅ አላቸው። ይሁን እንጂ ከዛፉ ሥር የሚቀመጡት ማን ማን እንደሆኑ ብንቆጥር ሴትና ወጣት እምብዛም አናገኝም፤ የባዕድ ጎሳ ሰውማ ከነጭራሹ የለም።

በየካቲት 2014 በአገራችን የብሔራዊ ምክክር ኮሚሽን 11 ኮሚሽነሮች ተሹመዋል። ከዚህ ሆነን የምንጠይቀው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ያሉ የትግራይ ስደተኞች፣ ከመተከል የተሻገሩት፣ ከጎንደር የመጡት ቅማንቶች፣ እንዲሁም እኛ በውጭ ያለነው በየትኛው በር እንደምንገባ ነው።

ሌላውን ስንጠይቅ የራሳችንን መደበቅ አይገባንም። በጥቅምት 2013 በአገር ቤት ጦርነቱ ሲነሳ በክፍሎቻችን ውስጥ አንድ ዴስክ ይጋሩ የነበሩ ልጆች ቦታ ቀየሩ። እኛ መምህራን ተሰብስበን ስለ ጦርነቱ በግቢው ውስጥ እንዳይወራ ከለከልን። ጸጥታ ሆነ፤ ሰላም የመጣ መሰለን። ከወራት በኋላ ግን አንዲት ልጅ በድርሰት ደብተሯ ላይ እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ አያቷ ማልቀስ የተከለከለ መሆኑን ጻፈች። ክልከላውን ያነሳነው ያን ጊዜ ነው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በመምህር ፊት ይነጋገራሉ። አንዳንዴ ይጣላሉ። ሁለት ጊዜ አቋርጠነዋል፤ መልሰን ጀምረነዋል።

የወላጆች ስብሰባም እንዲሁ ነበር። በአማርኛ ብቻ፣ በሥራ ቀን ማታ እንሰበስብ ነበር። ከኋላ የሚቀመጡት ወላጆች ለምን እንደማይናገሩ ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት አሳለፍን፤ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚቀላቸው መሆኑን ልጆቻቸው ነገሩን። ሻይ የሚሸጡ እናቶች ደግሞ ማታ ዋናው የገበያ ሰዓታቸው ነው። አንዲቷን «እትዬ፣ ለምን አይመጡም?» ስንላት «እኔ ስመጣ የልጆቹን እራት ማን ይሸጥልኛል?» አለችን።

ከመጋቢት ወዲህ ስብሰባው ዓርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሰላት በፊት ሆኗል፤ ሁለት ወላጆች ያስተረጉማሉ። የወላጅ ኮሚቴ ምርጫ በመስከረም ይካሄዳል። ከሰባቱ ወንበሮች ሁለቱን እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ በኮሚቴው ላልተወከሉ ቤተሰቦች ለይተናል። የመመዝገቢያው ደብተር በር ላይ ከዘበኛው ዘንድ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ዘበኛው ስም ይጽፍላቸዋል።