ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለጻፈ ጀማሪ ወኪል ከየት ይገኛል?

በመኝታ ቤታችን ፍራሽ ሥር የተደበቀው የልብ ወለድ ደብተር ቢቆጠር ብዙ ነው። የእኔም እዚያው ነው። አራት ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር የሞላ ሲሆን ታሪኩም ምደባዋ ጨረቃ ላይ ስለ ደረሳት አንዲት መምህርት ነው። (እኛ ጠረፍ ይደርሰናል ብለን እንቅልፍ እናጣለን፣ እሷን ጠፈር ደረሳት።)

ባለፈው ክረምት ደብተሮቹን በፌስታል ይዤ ፒያሳ ሄድኩ። በሰው በሰው የተዋወቅሁት አንድ ሰው ቡና ቤት ቀጥሮኝ «የደራስያን ወኪል ነኝ፤ ውጭ አገር ድረስ አስተዋውቅሃለሁ» አለኝና ለምዝገባና ለማስነበቢያ 3000 ብር ጠየቀኝ። ከአክስቴ ተበድሬ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ተዘጋ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የራሱ ስም ስለ መሆኑም እጠራጠራለሁ። ታዲያ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው «ለመሆኑ ወኪል ማለት ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅና ማንበብ የጀመርኩት። ሌላው እንዳይደርስበት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የደራሲ ወኪል ማለት በደራሲውና በአሳታሚው መካከል የሚቆም ባለሙያ ነው። ረቂቁን ያነባል፣ መታረም ያለበትን ይናገራል፣ ለየትኛው አሳታሚ እንደሚስማማ ስለሚያውቅ ይዞ ያንኳኳል፣ ውሉንም ይደራደራል። ዛሬ የተለመደው ድርሻው ደራሲው ከሚያገኘው ገንዘብ ከመቶ 15 ነው፤ መጽሐፉ ለውጭ አገር አሳታሚ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 ይሆናል። «ከሚያገኘው» የሚለውን ልብ በሉ። ደራሲው ምንም ካላገኘ ወኪሉም ምንም አያገኝም ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ሳይሸጥ ለንባብ፣ ለምዝገባ እያለ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋ ሰው ወኪል አይደለም። እኔን 3000 ብር ያስከፈለኝ ይህችን ነገር አለማወቄ ነው።

ወኪል መያዝም ቢሆን ሁሉን በር አይከፍትም። የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ዛሬ በዓለም ከታወቁት ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች አንዱ ነው፤ ደራሲው ወኪል እያለው ከ20 የማያንሱ አሳታሚዎች መልሰውበታል። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው ቺልተን የተባለ፣ በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የሚታወቅ ድርጅት ነው። ይኸውም የሆነው አንድ የድርጅቱ አርታኢ ታሪኩን አስቀድሞ በመጽሔት ላይ በተከታታይ ሲወጣ አንብቦ ስለ ወደደው ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ ዞሬ «የደራሲ ወኪል» የሚል ሰሌዳ አላየሁም። የሚታየው ማተሚያ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ማተሚያ ቤትንና አሳታሚን አንድ እናደርጋለን፤ አንድ አይደሉም። አሳታሚ ረቂቁን መርጦ በራሱ ወጪ ያሳትማል፤ ማተሚያ ቤት ለከፈለው ሁሉ ያትማል። ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ብርሃንና ሰላም ቢሆን ማተሚያ ቤት ነው። በደርግ ዘመን መንግሥታዊው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ እየተቀበለ በራሱ ወጪ ያሳትም ነበር። ያውም ከአደጋ አያድንም ነበር፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተለቅሟል። ዛሬ አሳታሚዎች የሉም ባይባልም፣ ስሙ ያልታወቀ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ኪስ ነው የሚያሳትመው። በዚህ ማፈርም አያስፈልግም። የፊደል ገበታው ላይ ስማቸውን እያነበብን ያደግነው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋም ፊደሉን በእጃቸው እየጻፉ በመሸጥ ነው የጀመሩት።

እንግዲህ ስሙ የለም እንጂ የወኪሉ ሥራ በየሰዉ ተበታትኖ አለ። እርማቱን አርታኢው፣ ገበያውን አከፋፋዩ፣ ሰው እጅ ማድረሱን የመጻሕፍት መደብሩና መጽሐፍ ደርድሮ የሚዞረው አዟሪ ይዘውታል። ሁሉን አገናኝቶ መደራደሩ የቀረው ለደራሲው ነው። ድርድሩም ያው ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል እንበል፤ 1000 ቅጂ ለማሳተም 200,000 ብር ወጣ፣ የአንዱ ዋጋ 400 ብር ሆነ፣ አከፋፋዩ ከመቶ 35 ወሰደ። ለደራሲው ከአንድ ቅጂ 260 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ 770 ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ የሚመለሰው ያወጣው ገንዘብ ነው፤ ትርፉ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ደግሞም መጽሐፉ ለአከፋፋይ በዱቤ ከሄደ ገንዘቡ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ያልተሸጠው እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። «ወንድሜ፣ እንተማመናለን» የሚባለው ነገር ቡና ቤት ውስጥ ጥሩ ነው፤ እኔን አይታችሁ ተማሩ።

አድራሻ የሚጠቁማችሁ ሰው ካለም መቼ እንደሄደበት ጠይቁት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ስለ ፈረሰ፣ የድሮውን ሱቅ ፍለጋ ሄዶ አስፋልት ማግኘት አለ።

ረቂቁን ለሰው ሳሳይ ይሰረቅብኛል የሚል ፍራቻ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ መብቱም የሚገኘው በመጻፉ እንጂ በመመዝገቡ አይደለም። ሆኖም ለማስረጃ ያህል በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ደግሞ ወመዘክር ነው።

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በአማርኛ ማን ያነባል?» የሚል ይኖራል። ለኔ መልሱ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው ይህ መጽሐፍ የጣናን ገዳማት ከስለላና ከጠፈር ምርምር ጋር አዋህዶ፣ ደጋግሞ ታትሞ፣ «ራማቶሓራ»ንና «ዣንቶዣራ»ን አስከትሏል። አንዳንዱ ሳይንስ አይደለም እያለ ይከራከራል፤ ይከራከር፣ አንባቢው ግን ነበረ።

በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚችል ሰው ሌላም መንገድ አለው። የውጭ ወኪሎች የሚፈልጉት ያለቀ ረቂቅ ነው፤ ግማሹን ጽፎ ደብዳቤ መላክ አያዋጣም። መጀመሪያ የሚላከው ብዙ ጊዜ የአንድ ገጽ ደብዳቤ፣ አጭር የታሪኩ ማጠቃለያና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ናቸው። ለአጭር ልብ ወለድ ግን ከነጭራሹ ወኪል አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 ናይጄሪያውያን የመሠረቱት «ኦሜናና» የተባለው መጽሔት የአፍሪካውያንን የዚህ ዓይነት ታሪኮች ለማውጣት የተቋቋመ ነው። የኔ እንግሊዝኛ ገና ስለሆነ ይህን ለጎበዞቹ ትቻለሁ።

እኔ የመረጥኩት ከዱን ታሪክ የቀረችልኝን ነገር ነው፤ አስቀድሞ ማስነበብ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሚቀጥለው እትም እዚሁ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ፣ አዘጋጆቹ ፈቅደውልኛል። ከዚያ በፊት ለአንድ የፊዚክስ መምህራችን ሰጥቼ ነበር። ያለ ምንም የማስነበቢያ ክፍያ አንብበው በሦስተኛ ቀን መለሱልኝ። መምህርቷ ከመጠለያው ውጭ ቆማ ደወል የምትደውልበት ቦታ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «አየር በሌለበት ደወል አይሰማም። ተማሪዎቹ እረፍት መሆኑን በምን አወቁ?» ብለው ጽፈውበታል። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።